ለጅምሩ ሁለት ሰው ይበቃል፦ ከአልኮል ሱስ የማገገሚያ ቡድን በጋሞ ምድር

በጋሞ ደጋማ ቀበሌዎችም ሆነ በአባያና በጫሞ ሐይቆች አጠገብ በምትገኘው አርባ ምንጭ፣ ቦርዴ፣ ጠላ፣ ጠጅና አረቄ ከእንግዳ አቀባበል፣ ከደቦና ከመስቀል በዓል ጋር ተሳስረው የኖሩ መጠጦች በመሆናቸው፣ መጠጥ ለመተው የቆረጠ ሰው የሚታገለው ከራሱ አምሮት ጋር ብቻ ሳይሆን ከወዳጅ ዘመድ ግብዣም ጋር ነው። ማገገም ማለት መጠጡን ማቋረጥ ብቻ ሳይሆን ያለ መጠጥ መኖርን መልመድ ነውና፣ ይህን ልምምድ ተመሳሳይ ችግር ካለባቸው ሰዎች ጋር በመሆን የሚያካሂዱበት የመደጋገፊያ ቡድን በብዙ አገሮች የሕክምና አጋር ሆኗል።

ከእነዚህ ቡድኖች በስፋት የሚታወቀው አልኮሆሊክስ አኖኒመስ ሲሆን፣ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ አክሮን ከተማ ነው። የኒው ዮርኩ የአክሲዮን ነጋዴ ቢል ዊልሰን ለሥራ ወደዚያ በሄደበት ወቅት የመጠጥ አምሮት ሲፈታተነው፣ ራሱን ለማዳን ሌላ ሱሰኛ ፈልጎ ማነጋገርን መረጠ፤ ያገኘውም ቦብ ስሚዝ የተባለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበር። ሐኪሙ ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣበት እ.ኤ.አ. ጁን 10 ቀን 1935 የማኅበሩ ልደት ሆኖ ይታሰባል። ከዚህ ግንኙነት የተወለደው መሠረታዊ ሐሳብ፣ አንድ ሱሰኛ ሌላውን ሲረዳ ራሱም ከመጠጥ ይጠበቃል የሚል ነው።

የቡድኑ ስብሰባ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰዓት ያህል የሚወስድ ሲሆን፣ ተሳታፊዎች በየተራ የመጠጥ ታሪካቸውንና ያለ መጠጥ የዋሉበትን ኑሮ ይናገራሉ፤ ሌላው ያዳምጣል እንጂ አይመክርም፣ አይፈርድምም። ለአባልነት የሚጠየቀው መጠጥ የማቆም ፍላጎት ብቻ ነው፤ ክፍያ የለም፣ ወጪውም በአባላቱ ፈቃደኛ መዋጮ ይሸፈናል። አዲስ የመጣ ሰው ዝም ብሎ ማዳመጥ ይችላል፤ ሲረጋጋም ቀደም ብሎ ካገገመ አባል ጋር ተወዳጅቶ፣ ጥፋትን ማመንንና የበደሉትን መካስን የሚጨምሩትን አሥራ ሁለቱን ደረጃዎች በእርሱ እገዛ ይከተላል። ደረጃዎቹ ፈጣሪን ቢጠቅሱም ለአንድ ሃይማኖት ያልተወሰኑ በመሆናቸው፣ ኦርቶዶክሱም ፕሮቴስታንቱም ሙስሊሙም በየእምነቱ ሊረዳቸው ይችላል።

የዚህ አካሄድ ውጤታማነት በጥናት ተፈትሿል። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮክሬን በተባለው የሕክምና መረጃ መርማሪ ተቋም የታተመ ግምገማ 27 ጥናቶችን መርምሮ፣ በባለሙያ እየተመሩ ወደ እነዚህ ቡድኖች የገቡ ሰዎች ሙሉ በሙሉ ከመጠጥ በመራቅ ረገድ ሌሎች የታወቁ የምክር ሕክምናዎችን ከወሰዱት የተሻለ ውጤት ማስመዝገባቸውን አረጋግጧል።

ይሁን እንጂ ቡድን ሐኪምን አይተካም። ለረጅም ጊዜ በየዕለቱ ብዙ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ እንቅልፍ ያጣል፤ በብርቱ ሕመም ላይ ያለው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት የሚጥል በሽታ መሰል መንቀጥቀጥና መቃዠት ሊደርስበት፣ ሕይወቱንም ሊያጣ ይችላል። ስለሆነም የመጀመሪያው ደጃፍ አርባ ምንጭ ጠቅላላ ሆስፒታል ወይም በአቅራቢያ ያለ ጤና ተቋም ሲሆን፣ ቡድኑ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ወይም ከሕክምናው ጎን ለጎን ነው።

በጋሞ ማኅበረሰብ ተሰብስቦ መነጋገር አዲስ ነገር አይደለም። ዱቡሻ የተባለው የአደባባይ ጉባኤ ቅሬታን በይፋ ሰምቶ የሚያስታርቅ ሲሆን፣ በመስከረም 2011 ዓ.ም. ለበቀል የተነሱትን ወጣቶች እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው የመለሱት ሽማግሌዎችም የዚህ ባህል ልጆች ናቸው። ነገር ግን ዱቡሻ የሚሠራው በአደባባይ ሲሆን የማገገሚያ ቡድን የሚሠራው በምስጢር ነው፤ ቤተሰቡ፣ አሠሪውና እድሩ ይሰማሉ ብሎ የሚፈራ ሰው እውነቱን አይናገርምና፣ በቡድን የተነገረ በቡድን መቅረቱ የመጀመሪያ ሕግ ሊሆን ይገባል። በኢትዮጵያ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸው ሰዎች የመሠረቷቸው፣ ተስፋ ጎህ ኢትዮጵያን የመሰሉ ማኅበራትም የሚያሳፍር የተባለ ሕመም ያለበት ሰው የራሱን ዓይነት ሰው ሲያገኝ እንደሚበረታ አሳይተዋል።

አልኮሆሊክስ አኖኒመስ ወደ 180 በሚጠጉ አገሮች የሚገኝ ሲሆን፣ በአዲስ አበባም ስብሰባዎች አሉት። ወደ 500 ኪሎ ሜትር ርቆ ለሚኖር የአርባ ምንጭ ነዋሪ በኢንተርኔት የሚካሄዱት ስብሰባዎች አማራጭ ናቸው፤ ሆኖም አብዛኞቹ በውጭ ቋንቋ በመሆናቸው በአማርኛ ወይም በጋሞኛ የሚነጋገር የአካባቢ ቡድን አይተኩም። የማኅበሩ ሕግ መጠጥ ለማቆም የተሰባሰቡ ሁለት ወይም ሦስት ሱሰኞች ራሳቸውን ቡድን ብለው መጥራት እንደሚችሉ ስለሚደነግግ፣ ለመጀመር ጽሕፈት ቤትም ባጀትም አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ቋሚ ቀንና ሰዓት፣ መጠጥ የሌለበት ጸጥ ያለ ክፍል እና የምስጢር ስምምነት ነው።

መጠጡ ያገረሸበት ሰውም ቢሆን ከቡድኑ መቅረት የለበትም፤ ማገርሸት ሕመሙ ገና እንዳልዳነ የሚያሳይ እንጂ የመባረሪያ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ የአካባቢው ሐኪሞች ከሕክምና በኋላ ታካሚዎቻቸውን እርስ በርስ ቢያገናኙ፣ አብያተ ክርስቲያናትና እድሮችም አንድ ክፍል በሳምንት ለአንድ ሰዓት ቢፈቅዱ፣ በአርባ ምንጭ፣ በጨንቻም ሆነ በሌላው የጋሞ ከተማ የማገገሚያ ቡድን ለመመሥረት የሚያግድ ነገር አይኖርም።