የልጅነት ችፌ፦ ለቀጨኔ ቤተሰቦች ምን እናስተምር?

በሕክምና ስሙ አቶፒክ ደርማታይትስ የሚባለው የልጅነት ችፌ እየተነሣና እየበረደ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ አብዛኛው ሕክምና የሚፈጸመው በቤት ውስጥ፣ በአሳዳጊ እጅ ነው። የቤተሰብ ትምህርትም የሕክምናው ዋና አካል ሆኖ ሊታይ ይገባል።

የሕመሙ መሠረት የቆዳ መከላከያ ሽፋን መላላት ነው። በአውሮፓ ለዚህ ዋነኛ የዘር ምክንያት የሆነው የፊላግሪን ጂን ጉድለት፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት በኢትዮጵያውያን ሕሙማን ላይ እምብዛም አልተገኘም። የዘር ምክንያቱ ቢለያይም ቆዳው እርጥበት ያጣል፤ በመሆኑም ማለስለሻ ቅባት የእንክብካቤው መነሻ ነው።

ትምህርቱ ሕመሙን ከመለየት ይጀምራል። ችፌ በሕፃናት ጉንጭ፣ ከፍ ባሉ ልጆች ደግሞ በክርንና በጉልበት እጥፋት ይበዛል። ጭርት ጠርዙ ከፍ ብሎ በክብ ይሰፋል። እከክ ሌሊት ይብሳል፤ ብዙ ጊዜም ከአንድ በላይ የቤት ሰው ይይዛል። ለችፌ የታዘዘ የስቴሮይድ ቅባት ለጭርት ቢውል መልኩን ሸፍኖ ያስፋፋዋልና ቅባት መዋዋስ አይገባም።

በመጻሕፍት «ቀይ» የተባለው ሽፍታ በጠቆረ ቆዳ ላይ ግራጫ ወይም ወይን ጠጅ መስሎ ይታያል። ሲበርድም ነጣ ያለ ምልክት ሊተው ይችላል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ብግነቱ የተወው ምልክት ሲሆን በወራት ውስጥ ይመለሳል፤ ቤተሰቡ የመድኃኒቱ ጉዳት ከመሰለው ግን ሕክምናውን ያቋርጣል። በሌላ በኩል ጠንካራ ስቴሮይድ ያለ ልክ ሲቀባ ቆዳን ያሳሳል፤ ሊያነጣም ይችላል። ስለዚህ ልኩን ማሳየት ያስፈልጋል፦ በጎልማሳ ሌባ ጣት የመጨረሻ አንጓ ርዝመት ከቱቦ የወጣ ቅባት 0.5 ግራም ያህል ነው፤ ጣቶችን ጨምሮ ሁለት የጎልማሳ መዳፍ ለሚያህል ቆዳ ይበቃል።

ምክሩ ከኑሮው ጋር መስማማት አለበት። በእንጦጦ ግርጌ፣ በሽመናና በሸክላ ሥራ በምትታወቀው ቀጨኔ፣ ውኃ በፈረቃ ለሚደርሰው ቤት የገንዳ መታጠቢያ ማዘዝ ትርጉም የለውም። ለብ ያለ ውኃ በጆግ፣ ሽታ የሌለው ጥቂት ሳሙና፣ ሳያሹ ማድረቅ፣ ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ ቫዝሊን መቀባት ይበቃል። ከሱፍ ይልቅ ለስላሳ ጥጥ ከገላ ቢያርፍ፣ ልጁም ከጭስ ቢርቅ ማሳከኩ ይቀንሳል።

መግል፣ ቢጫ ቅርፊት ወይም ትኩሳት ሲታይ ልጁ ወደ ጤና ጣቢያ፣ የሚያም የውኃ እብጠት በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ሲወጣ ደግሞ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። የትምህርቱ ውጤት መመዘን ያለበትም በተሰጠው በራሪ ወረቀት ብዛት ሳይሆን፣ አሳዳጊው የቅባቱን ልክ በራሱ ጣት ለክቶ ማሳየት በመቻሉ ነው።