ያውቁ ኖሯል? ካዛንቺስ ባሕር የሚገባበት ስሕተት

አዲስ አበባ ውስጥ «ካርታ አለህ?» የተባለ ሰው ግድግዳ አያይም፤ ወደ ቁም ሣጥኑ ነው የሚሄደው። ለከተሜው ካርታ ማለት የይዞታ ማረጋገጫ ነው። የዛሬው ዓምዳችን የሚያወራው ግን በኮምፒውተር ስለሚሠራው ካርታ፣ ጂአይኤስ ስለሚሉት ነው። መሞከሪያችን ቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በተለይም ካዛንቺስ።

ካዛንቺስ በግምት በሰሜን ኬክሮስ 9.02፣ በምሥራቅ ኬንትሮስ 38.77 ዲግሪ ላይ ይገኛል። ሁለቱን ቁጥሮች አቀያይረው ካስገቡ ሰፈሩ በሞላ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ፣ የጣሊያን ከሆነችው ከሰርዲኒያ ደሴት በስተ ደቡብ ያርፋል። ካዛንቺስ የሚለው ስም የመጣው በወረራው ዘመን ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት የ«ኢንቺስ» ቤቶች፣ «ካዜ ኢንቺስ» ከሚለው ነው። ስለዚህ ሶፍትዌሩ ሰፈሩን ወደ ስሙ አገር የሸኘው ያስመስላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ኤክስ ሲባል ኬንትሮሱን፣ ዋይ ሲባል ኬክሮሱን ይስጡ። «ኬክሮስና ኬንትሮስ» የሚለው የምላስ ቅደም ተከተል ነው የሚያሳስተው።

የቆዩት የአገራችን ካርታዎች የተመሠረቱበት ነጥብ ኢትዮጵያ ውስጥ አለመሆኑንስ ያውቁ ኖሯል? «አዲንዳን» ይባላል። ስሙ በግብፅና በሱዳን ወሰን አጠገብ የነበረ የኑቢያ መንደር ስም ነው። መንደሩን ከአስዋን ግድብ ጀርባ የተኛው ናስር ሐይቅ ውጦታል፤ በስሙ የተለካው መሬት ግን እስከ ዛሬ በየቢሮው ፋይል ውስጥ አለ። የስልክዎ ጂፒኤስ ደግሞ የሚሠራው ደብሊውጂኤስ 84 በሚባለው ሌላ መሠረት ነው። በአዲንዳን የተለካን የካዛንቺስ ቤት በደብሊውጂኤስ 84 የተለካ ነው ብለው ቢያስገቡት ወደ ምዕራብ 90 ሜትር፣ ወደ ደቡብ ደግሞ 200 ሜትር ያህል ይንሸራተታል። በቂርቆስ ጥግግት ይህ ሌላ ሰው ግቢ ገብቶ መተኛት ነው።

እኔ ራሴ እንዲህ የተንሸራተተ ሌየር (የካርታ ንብርብር) በማውስ እየጎተትኩ ወደ ቦታው ስመልስ አንድ ሙሉ ከሰዓት አቃጥያለሁ። ሁለት ደቂቃ የማይወስድ ሥራ ነበር። ሌየሩ በየትኛው መሠረት እንደተለካ ለሶፍትዌሩ መንገር አንድ ነገር ነው፤ ከአንዱ መሠረት ወደ ሌላው መቀየር ሌላ ነው። መጀመሪያ ትክክለኛውን ይንገሩት (ለአዲንዳን ዞን 37 ኮዱ 20137 ነው)፣ ከዚያ ወደ ደብሊውጂኤስ 84 ዞን 37፣ ማለትም ወደ 32637 ይቀይሩት። ሲጨርሱ መስቀል አደባባይን ከሳተላይት ምስል ጋር ያስተያዩ፤ ያንን የሚያክል ምልክት ከተማው ውስጥ የለም።

በነገራችን ላይ ዞን ያልነው ዩቲኤም የሚባለው፣ በሜትር የሚለካ የካርታ ሥርዓት ክፍል ነው፤ ኢትዮጵያ በሦስት ዞን ላይ ተዘርግታለች፤ ጋምቤላ ከተማ 36፣ አዲስ አበባ 37፣ ጅግጅጋ 38።

ቀያሹ በሜትር የለካው መንገድና ኮምፒውተሩ የሚያወጣው ርዝመት የማይገጥመው ሁልጊዜ በቀያሹ ስሕተት አይደለም። በዩቲኤም ካርታ ላይ የአዲስ አበባ አንድ ኪሎ ሜትር በ76 ሳንቲ ሜትር ያህል ያጥራል። ግማሹ ክቡን ምድር ወረቀት ላይ ለመዘርጋት የሚከፈል ነው። ሌላው ግማሽ ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ የተቀመጠች በመሆኗ የመጣ ነው። ከፍታችን ርዝመታችንን ይበላል!

ስፋት ሲሆን ነገሩ ገንዘብ ይነካል። በኢንተርኔት ካርታዎች በተለመደው በዌብ መርካቶር ላይ የተሰላ የካዛንቺስ 200 ካሬ ቦታ 206 ካሬ ሆኖ ይወጣል። ስድስቱ ካሬ ከየት መጣ? ከየትም፤ አንዲት ሱቅ ግን ታወጣለች። በዩቲኤም ሲሰላ ልዩነቱ ግማሽ ካሬ እንኳን አይሞላም።

የግዕዝ ፊደል በኮምፒውተር ውስጥ ከላቲኑ ሦስት እጥፍ ቦታ እንደሚይዝስ? ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፊደል ኮድ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት፣ «ቂ» ግን ሦስት ባይት ትፈልጋለች። ጂአይኤስ ቤት እንደ ዳቦ የሚበላው ሼፕፋይል የተባለ የፋይል ዓይነት ደግሞ ለአንድ የሠንጠረዥ ዓምድ ስም የሚፈቅደው 10 ባይት ብቻ ነው። ስለዚህ «ወረዳ» ይገባል፣ «ቀበሌ» ይገባል፣ «የቤት ቁጥር» ተቆርጦ ይቀራል። በአማርኛ የሚሠራ ሰው ጂኦፓኬጅ ቢጠቀም ይሻለዋል፤ እንዲህ ያለ ገደብ የለውም፣ ደግሞም አንድ ፋይል ብቻ ነው። ሼፕፋይል ቢያንስ ሦስት ፋይል ስለሆነ አንዷን በፍላሽ መርሳት ብርቅ አይደለም።

ካዛንቺስ፣ ካሳንችስ፣ ካዛንችስ፣ ካሳንቺስ። ለእርስዎ አንድ ሰፈር፣ ለሶፍትዌሩ አራት። ሁለት ሠንጠረዥ በስም ሲያጋጥሙ ግማሹ ባዶ የሚሆነው በዚህ ነው፤ የሀ፣ የሐና የኀ ጣጣ፣ ከስም ኋላ የተደበቀች ባዶ ቦታም አለች። በስም ሳይሆን በኮድ ያጋጥሙ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ርዳታ ማስተባበሪያ በሚጠቀምበት ዝርዝር የአዲስ አበባ ኮድ ኢቲ 14 ነው፤ ኮድ ሆሄ አይለዋወጥበትም።

ጥቅምት 30 ቀን የተመዘገበን ይዞታ 30/02/2017 ብለው የቀን ዓምድ ውስጥ ቢጽፉ ሶፍትዌሩ እምቢ ይላል። በእሱ አቆጣጠር ሁለተኛው ወር ፌብሩዋሪ ነው፣ 30 የለውም። ጳጉሜንማ፣ 13ኛ ወር ሲባል ጭራሽ አያውቃትም። የባሰው እምቢ የማይልበት ጊዜ ነው፤ ጥቅምት 15ን ዝም ብሎ ፌብሩዋሪ 15 አድርጎ ይውጠዋል። የኢትዮጵያን ቀን በጽሑፍ ዓምድ፣ የተቀየረውን በቀን ዓምድ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ይያዙ።

ለቸኮለ፦ ኪውጂአይኤስ ላይ ኤፍ 6 ሠንጠረዡን ይከፍታል፤ ኮንትሮልና ጄ ወደመረጡት ቤት ይወስድዎታል፤ ኮንትሮልና ኬ የማንኛውንም መሣሪያ ስም ጽፈው የሚፈልጉበትን ሣጥን ያመጣል። ይህን ነፃ ሶፍትዌር ጋሪ ሸርማን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2002 ነው የጀመረው።

የጂአይኤስ አባት የሚባለው ሮጀር ቶምሊንሰን ካናዳ ውስጥ ቢሠራም ሐሳቡ የተጠነሰሰው ጎረቤታችን ኬንያ ላይ ነበር። ለደን ተክል የሚሆን ቦታ በእጅ ካርታ እየደራረቡ መፈለግ ዋጋው የማይቀመስ ሲሆን ነው በኮምፒውተር ቢደረግስ ያለው።

አንድ የመጨረሻ። በ2017 መጀመሪያ ላይ ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ብዙ ቤቶቹ ፈርሰዋል። ጉግል ኧርዝ ፕሮን በኮምፒውተር ከፍተው የሰዓት ምልክቷን ይንኩ፤ መስመሯን ወደ ግራ ሲጎትቱ የቆርቆሮ ጣሪያዎቹ አንድ በአንድ ይመለሳሉ። የእርስዎ ሌየር ላይ ያለውን ቤትም ፈርሷል ብለው አይሰርዙት። ዓመቱን የሚሞሉበት «የፈረሰበት» የሚል ዓምድ ይጨምሩ። በሼፕፋይል ከሆነ ግን ስድስት ፊደል ስለሆነ አይገባም። «ፈረሰ» ይበሉት፤ ሦስት ነው።