በዓል ሲመጣ ሀዘን ለምን ይበረታል?

ሰው በሞተ ሰሞን ቤቱ ጭር አይልም። ድንኳን ይተከላል፣ እድርተኛው እየተፈራረቀ ያድራል፣ ምግቡ ከጎረቤት ይመጣል። ከባዱ ቀን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሁሉም ወደየቤቱ ከተበተነ ከወራት በኋላ፣ የመጀመሪያው እንቁጣጣሽ፣ ፋሲካ ወይም አረፋ ሲደርስ ነው። “በቀብሩ ዕለት እንኳ እንዲህ አላለቀስኩም” የሚሉ ሀዘንተኞች ጥቂት አይደሉም። ይህ የእምነት ማነስ ወይም የመንፈስ ድክመት አይደለም፤ ከአንጎላችን አሠራር የሚመጣ ነው።

ከሽታ እንጀምር። የምናየውና የምንሰማው ነገር ወደ አንጎል ቅርፊት የሚደርሰው ታላመስ በሚባለው ክፍል በኩል አልፎ ነው። ሽታ ግን ታላመስን ሳይጠብቅ፣ ስሜትን ወደሚቀሰቅሰው አሚግዳላና በትዝታ ሥራ ላይ ወደተሰማራው ሂፖካምፐስ በአጭር መንገድ ይገባል። ቁሌቱ ሲቁላላ፣ ቄጤማው ሲጎዘጎዝ፣ ዕጣኑ ሲጨስ ሰው ገና ምንም ሳያስብ እንባው የሚቀድመው ለዚህ ነው። እነዚያ ሽታዎች ለዓመታት ከአንድ ሰው ጋር ተጣምረው ኖረዋል።

ይሁንና አንጎል ያለፈውን ማስታወስ ብቻ ሳይሆን ቀጥሎ የሚሆነውንም አስቀድሞ ይጠብቃል። አልበርት ጻኦ፣ ሜይ ብሪት ሞዘርና ኤድቫርድ ሞዘር በ2013 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙት የኖርዌይ ጥናት ይህን ግሩም አድርጎ ያሳያል። አይጦች በሚመላለሱበት ሳጥን ውስጥ አንድ ዕቃ አስቀምጠው ቆይተው አነሱት። ዕቃው ከተነሳ በኋላ፣ አይጧ ቀድሞ ዕቃው ወደነበረበት ስፍራ በደረሰች ቁጥር አንዳንድ የነርቭ ሴሎች ይነቃቁ ነበር። ዕቃው የለም፤ አንጎሏ ግን ለቀናት ቦታውን ያዘለት። የአሪዞና ዩኒቨርሲቲዋ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሜሪ ፍራንሲስ ኦኮነር ይህን ግኝት ከሰው ሀዘን ጋር አያይዛ ትተነትነዋለች፤ በእሷ አስተያየት ሀዘን አንጎል ቀስ በቀስ የሚማረው አዲስ ትምህርት ነው።

በዓል የሚከብደው እዚህ ላይ ይመስለኛል። የአባት ወንበር ባዶ መሆኑን አንጎል በየማታው እያየ፣ በመቶ በሚቆጠር ድግግሞሽ ይለምደዋል። ፋሲካ ግን በዓመት አንዴ ነው፤ ያለ እሱ የዋለ ፋሲካ አንጎል አንድም አያውቅም። እናት የዶሮውን 12 ብልት ስትደለድል እጇ ሳታስበው ለእሱ ድርሻ ትዘረጋለች።

ታዲያ በዚህች ሰዓት የምንሰማው ምክር “በበዓል ቀን አይለቀስም፣ ለልጆቹ ስትይ ዋጥ አድርጊው” የሚል ነው። ከፍቅር የመጣ ቢሆንም ይጎዳል። ዳንኤል ዌግነርና ባልደረቦቹ በ1987 ተማሪዎችን ለ5 ደቂቃ ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ፣ ሐሳቡ ከመጣባቸው ግን ደወል እንዲደውሉ አዘዟቸው። ደወሉ መደወሉን አላቆመም። ቀጥሎ እንዲያስቡ ሲፈቀድላቸው ደግሞ፣ ከመጀመሪያው ከተፈቀደላቸው ተማሪዎች ይልቅ ስለ ድቡ አብዝተው አሰቡ። የታፈነ ሐሳብ በርትቶ ይመለሳል።

ሙሉ ቀን በእንባ መዋልም ግዴታ አይደለም። ተመራማሪዎቹ ማርጋሬት ስትሮቤና ሄንክ ሹት በ1999 ባቀረቡት ሞዴል መሠረት፣ ሀዘንተኛ በጤና የሚጓዘው ከሀዘኑ ወደ ኑሮው፣ ከኑሮው ወደ ሀዘኑ እየተመላለሰ ነው። ጠዋት አልቅሶ ከሰዓት በልጆች ጨዋታ የሳቀ ሰው ሟቹን አልከዳም፤ ያ ሳቅ ራሱ የመጽናናቱ አካል ነው።

ስለዚህ በዓሉ ሳይደርስ ከቤተሰብ ጋር መነጋገር ይበጃል፦ ማን ያርዳል? በዋዜማው መቃብሩ ዘንድ እንሄዳለን ወይ? የእሱን ቦታ ማን ይቀመጥበታል? ስሙን በገበታው ላይ ማንሳት አያስፈራ። ልጆችም “እናፍቀዋለሁ”፣ “ተናድጃለሁ” ማለት ይቻላቸው። ማቲው ሊበርማንና ባልደረቦቹ በ2007 የአንጎል ምስል እያነሱ ባደረጉት ሙከራ፣ በፊት ላይ የሚታየውን ስሜት በቃል መሰየም የአሚግዳላን መነቃቃት እንደሚቀንስ አሳይተዋል።

በሪያድም ሆነ በዱባይ በሰው ቤት ለምትሠራ እህታችን ነገሩ ይብሳል። ታኅሣሥ 29 ለእሷ የሥራ ቀን ነው። ቤተሰቧ “ብቻዋን ሆና እንዳትጎዳ” ብሎ የእናቷን መርዶ ደብቋት ይሆናል፤ በበዓሉ ስልክ ላይ ግን የእናቷ ድምፅ ይጠፋባታል። የሸሸጉት ለእሷ ተጨንቀው እንደሆነ ይገባኛል። ነገር ግን የማልቀሻ ጊዜዋን ይወስዱባታል፤ አብሯት የሚሆን ወዳጅ ባለበት ሰዓት እውነቱን መንገር ይሻላል።

ሀዘኑ ከ6 ወር በላይ ሳይበርድ ቆይቶ፣ ከአካባቢው ልማድም አልፎ ሥራና ኑሮ ከከለከለ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ምደባ የተራዘመ ሀዘን ተብሎ ይታወቃል፤ ሕክምናም አለው። ካትሪን ሺርና ባልደረቦቿ በ2005 ያሳተሙት ጥናት፣ ለዚህ ዓይነት ሀዘን የተዘጋጀው፣ 16 ያህል ቀጠሮ የሚፈጀው የንግግር ሕክምና ከሌላ የንግግር ሕክምና የተሻለ ውጤት እንዳለው አሳይቷል። ታካሚው ከሸሸው ቦታና ከሸሸው ትዝታ ጋር በጥቂት በጥቂቱ ይገናኛል። መኖር ያስጠላው ሰው ግን 6 ወር አይጠብቅም፤ በዕለቱ አዲስ አበባ ወዳለው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወይም በአቅራቢያው ወዳለ ሆስፒታል ይሂድ፣ ብቻውንም አይተውት።