ያዘለንን ጀርባ ለምን አናስታውሰውም?

እስቲ ከመቀጠላችሁ በፊት አንድ ነገር ሞክሩ። በሕይወታችሁ የምታስታውሱትን የመጀመሪያ ነገር ፈልጉ። ትምህርት ቤት የገባችሁበት ቀን ይመጣል፤ ከዚያ በፊት የነበረው ግቢ፣ የጎረቤት ውሻ፣ የወደቃችሁበት ደረጃ... ከዚያ የሆነ ቦታ ላይ መንገዱ ድርግም ይላል። ለአብዛኛው ሰው የሚጠፋው 3 ዓመት ከመንፈቅ አካባቢ ነው። አንዳንዱ ትንሽ ቀደም ይላል፣ አንዳንዱ ይዘገያል።

የሚገርመው ጨለማው የሸፈነው የትኛውን ጊዜ እንደሆነ ነው። እናታችሁ ሌሊት አራት ጊዜ እየተነሳች ያጠባችበትን፣ አያታችሁ በአንቀልባ አዝላ ቡና የቆላችበትን፣ ታላቅ እኅታችሁ ወይም ሞግዚታችሁ እሹሩሩ እያለች ያስተኛችበትን ጊዜ ነው። ሰው በሕይወቱ ከሁሉም በላይ እንክብካቤ ያገኘበት ዘመን፣ አንዷም ቀን ትዝ አትለውም።

ይህን ነገር ተመራማሪዎች «የሕፃንነት መርሳት» ይሉታል። ሲግመንድ ፍሮይድ በ1905 ጽፎበታል (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የእሱ ማብራሪያ «አእምሮ የሚያሳፍረውን ነገር አፍኖ ይደብቀዋል» የሚል ነበር። ዛሬ ይህን የሚቀበል ተመራማሪ ብዙም አታገኙም። ነገር ግን ጥያቄው አልሞተም።

በቀላሉ የሚመጣልን መልስ «ሕፃን ምን ያውቃል፤ አንጎሉ ገና አልበሰለም፣ ስለዚህ ምንም አይመዘግብም» የሚለው ነው። ይህ መልስ ትክክል አይደለም። ትክክል አለመሆኑ የታየባቸው ሙከራዎች ደግሞ በጣም ብልሃት የተሞላባቸው ናቸው። እኔ የተማርኩት ኤሌክትሪካል ምህንድስና ነው፤ መናገር ከማይችል ሰው ላይ መረጃ ለማግኘት የተሠራ ዘዴ ሳይ ደስ ይለኛል።

በ1980 ዲካስፐርና ፋይፈር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ከተወለዱ 3 ቀን ላልሞላቸው ሕፃናት ጡጦ ሰጡ። ጡጦው ወተት የለውም፤ ከቴፕ ማጫወቻ ጋር የተያያዘ ነው። ሕፃኑ በአንድ ዓይነት ምት ሲጠባ የእናቱ ድምፅ ይከፈታል፤ በሌላ ምት ሲጠባ የሌላ ሴት ድምፅ። ሕፃናቱ ምን አደረጉ? አጠባባቸውን እየቀየሩ የእናታቸውን ድምፅ አስከፈቱ። አስቡት፣ ገና ሦስት ቀናቸው ነው። ድምፁን የለመዱት በአብዛኛው በማኅፀን ሳሉ እንደሆነ ይታመናል።

ካሮሊን ሮቪ ኮሊየር የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ደግሞ ከዚህም የቀለለ ነገር ሠራች። ከሕፃኑ አልጋ በላይ ተንጠልጣይ መጫወቻ አደረገች፤ መጫወቻውን ከሕፃኑ ቁርጭምጭሚት ጋር በሪባን አሰረችው። ሕፃኑ ሲራገጥ መጫወቻው ይወዛወዛል። ሕፃኑ ይህን ቶሎ ይደርስበታል፤ በደስታ ይራገጣል። ከዚያ ከቀናት በኋላ ያንኑ መጫወቻ፣ ሪባኑ ሳይታሰር ብታሳዩት ይራገጣል ወይስ ዝም ብሎ ያያል? ከተራገጠ አስታውሷል ማለት ነው። የ3 ወር ሕፃን ለአንድ ሳምንት ያህል፣ የ6 ወር ሕፃን ለሁለት ሳምንት ያህል አስታወሰ።

ከሁሉ በላይ እኔን የገረመኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ሕፃኑ ጨርሶ የረሳ በሚመስልበት ጊዜ፣ ተመራማሪዋ ከፈተናው አንድ ቀን በፊት መጫወቻው ሲወዛወዝ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ አሳየችው። በማግስቱ ሕፃኑ ምንም እንዳልረሳ ሆኖ መራገጥ ጀመረ። ስለዚህ ነገሩ አልጠፋም ነበር። የጠፋው የሚደርስበት መንገድ ነው።

በ2025 በየል ዩኒቨርሲቲ የተመራ ጥናትም ይህንን ከአንጎል ውስጥ አሳየን። ከ4 ወር እስከ 2 ዓመት የሆኑ ሕፃናትን ነቅተው ሳሉ ኤምአርአይ ማሽን ውስጥ አስተኝተው ፎቶ አሳዩአቸው። (የሁለት ዓመት ልጅ ፎቶ ስቱዲዮ ውስጥ እንኳ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ እነዚህ ሰዎች ኤምአርአይ ውስጥ እንዴት እንዳረጉት እግዜር ይወቀው።) ፎቶውን ሲያይ ሂፖካምፐስ የተባለው የአንጎል ክፍል ይበልጥ የሠራ ሕፃን፣ በኋላ ያንን ፎቶ ከአዲስ ፎቶ ጎን ሲያየው ረዘም አድርጎ ያየዋል። በተለይ ዓመት ያለፋቸው ላይ ነገሩ ግልጽ ነበር። ሂፖካምፐስ የዕለት ገጠመኝን የሚመዘግበው ክፍል ነው፤ ታዲያ ገና ከጠዋቱ ሥራ ላይ ነው ማለት ነው።

እንግዲህ ከተመዘገበ የት ገባ?

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ የቤት አቅጣጫ እንዴት ነው የምንናገረው? «ከዋርካው ዝቅ ብለህ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ አረንጓዴው በር።» አሁን ዋርካው ተቆረጠ፣ ወፍጮ ቤቱ ፈረሰ፣ አዲስ መንገድ ወጣ፣ ፎቅ ተሠራ እንበል። ቤቱ እዚያው ሊኖር ይችላል፤ በድሮው አቅጣጫ ግን ማንም አያገኘውም። የሕፃን ሂፖካምፐስ እንደዚህ በግንባታ ላይ ያለ ሰፈር ነው። አዳዲስ የነርቭ ሕዋሳት በብዛት ይወለዱና ከነባሮቹ ጋር ይያያዛሉ፤ በዚህ መሐል የድሮው ትስስር ይቀያየራል።

ይህን በሙከራ ያሳዩት ፖል ፍራንክላንድና ሺና ጆሰሊን ቶሮንቶ ከሚገኙ ባልደረቦቻቸው ጋር ነው፤ ጊዜው 2014። ያደጉ አይጦችን መንኮራኩር ላይ አስሮጧቸው፤ ሩጫ አዳዲስ የነርቭ ሕዋሳት እንዲወለዱ ያደርጋል። አይጦቹ ቀድመው የተማሩትን ረሱ። በተቃራኒው በሕፃናት አይጦች ላይ የአዲስ ሕዋስ መወለድን በመድኃኒት ሲቀንሱት፣ ሕፃናቱ የተማሩትን ይበልጥ ያዙ። በ2018 ደግሞ ሌላ ነገር ጨመሩ፤ ሕፃን አይጥ አንድ ነገር ሲማር የሠሩትን ሕዋሳት ምልክት አድርገውባቸው፣ አይጡ አድጎ ከረሳ በኋላ እነዚያኑ ሕዋሳት በብርሃን ቀሰቀሷቸው። አይጡ አስታወሰ። ቤቱ አልፈረሰም ነበር ማለት ነው።

አይጥ ሰው አይደለም፤ ይህን ልብ በሉ። በሰው ላይ ብርሃን የምናበራበት መንገድ የለም። የሐሳቡ አቅጣጫ ግን ከሮቪ ኮሊየር ሪባን ጋር ይገጥማል።

አሁን ወደሚያስጨንቀው ነገር እንምጣ። በሰፈራችን አንዲት እናት አለች፤ ልጇ 1 ዓመት ከ7 ወር ሲሆናት ለአያት ጥላት ለሥራ ቤይሩት ሄደች። ከአራት ዓመት በኋላ ስትመለስ ልጅቷ አያቷን «እማዬ» ትላለች፤ እናቷን «እትዬ»። አንድ ቀን ሱቅ በር ላይ አገኘችኝና «አንተ የአንጎል ነገር ታጠናለህ ይሉኛል። እስቲ እውነቱን ንገረኝ፣ ያ ሁሉ ማዘሌ፣ ያ ሁሉ ማጥባቴ ባዶ ሆኖ ቀረ ማለት ነው?» አለችኝ። ይህን ጥያቄ የሚጠይቁ ኢትዮጵያውያት ስንት እንደሆኑ አስቡት፤ በሪያድ፣ በዱባይ፣ በኩዌት። ጥያቄው ከሌላም ወገን ይመጣል፤ እናቱን በሁለት ዓመቱ በሞት ያጣ ልጅ «እንዴት ፊቷ ትዝ አይለኝም?» እያለ ራሱን ይወቅሳል።

መልሱ ሁለት ክፍል አለው። ገጠመኙን፣ ማለትም «እንዲህ ባለ ቀን እናቴ እንዲህ አደረገችኝ» የሚለውን፣ ልጅቷ አታስታውሰውም። ይህን ሸፋፍኖ መናገር ተገቢ አይመስለኝም። ነገር ግን ትዝታ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ሄንሪ ሞላይሰን የተባለ አሜሪካዊ በ1953 የሚጥል በሽታውን ለማስታገስ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ከሂፖካምፐሱ አብዛኛውን አጣ። ከዚያ በኋላ አዲስ ገጠመኝ መያዝ አልቻለም። ብሬንዳ ሚልነር የተባለች ተመራማሪ እጁን በመስታወት ብቻ እያየ ኮከብ እንዲስል አለማመደችው። በየቀኑ «ይህን ሠርቼው አላውቅም» ይላል፤ እጁ ግን በየቀኑ እየተሻሻለ ሄደ። ሰውየው ረስቷል፣ እጁ ያውቃል።

ሕፃንነትም ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ነገር አለው። የአፍ መፍቻ ቋንቋችንን ድምፆች ማን አስለመደን? መቼ? ማንም አያስታውስም፤ ግን «ጠ»ን ከ«ተ» ስንለይ አንሳሳትም። በ1997 የታተመ የአይጥ ጥናት ደግሞ፣ እናታቸው በመጀመሪያዎቹ ቀናት አብዝታ የላሰቻቸው አይጦች ካደጉ በኋላ ጭንቀት ሲገጥማቸው ሰውነታቸው ቶሎ እንደሚረጋጋ አሳይቷል። አይጧ እናቷ እንደላሰቻት አታስታውስም። ሰውነቷ ግን በዚያ ተሠርቷል።

«ልጄ አያቷን እናቴ አለች» የሚለውስ? ይህ ከመርሳት ይልቅ የጤናማ ልጅ ምልክት ነው ባይ ነኝ። በ1964 ሻፈርና ኤመርሰን በግላስጎው ከተማ 60 ሕፃናትን እየተመላለሱ ተከታትለው ነበር። አንድ ዓመት ተኩል ሲሞላቸው አብዛኞቹ የተጣበቁት ከአንድ ሰው በላይ ላይ ነው፤ አባት፣ አያት፣ ወንድም፣ ጎረቤት። ሕፃን ከማን ጋር ይበልጥ ይጣበቃል የሚለውንም ሲያዩ፣ ወሳኙ አብሮ የቆየው ሰዓት ብዛት አልነበረም፤ ሲያለቅስ፣ ሲስቅ፣ ሲጠራ መልስ የሚሰጠው ሰው ነበር። አያትየው መልስ ሰጥታለች፤ ልጅቷም ተጣብቃለች። በአንድ ልጅ ልብ ውስጥ ቦታው የአንድ ሰው ብቻ ነው ያለው ማነው?

አንድ ጠቃሚ ነገር ልጨምር፤ ወሬ። ባወርና ላርኪና የተባሉ ተመራማሪዎች በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ እናቶች ከ3 ዓመት ልጆቻቸው ጋር ስላለፉ ገጠመኞች ሲያወሩ ቀረጹ። ልጆቹ ከ5 እስከ 7 ዓመት ሲሆኑ ከገጠመኞቹ ከ60 በመቶ በላይ ያስታውሱ ነበር፤ 8 እና 9 ዓመት ሲሆናቸው ግን ከ40 በመቶ በታች። መርሳቱ ሲከናወን የታየው እንግዲህ ትምህርት ቤት ውስጥ ሳለን ነው! «እስቲ ሌላስ? ከዚያስ?» እያሉ ልጁ ወሬውን እንዲመራ የተዉ እናቶች ልጆች የበለጠ አስታወሱ። በኒውዚላንድ የተደረገ ሌላ ጥናትም የማኦሪ ሕዝቦች የመጀመሪያ ትዝታ በአማካይ ከ3 ዓመት በታች እንደሚጀምር አሳይቷል፤ የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ኒውዚላንዳውያን ግን 3 ዓመት ተኩል አካባቢ። በማኦሪ ቤተሰብ ያለፈን ነገር ለልጅ መተረክ ትልቅ ቦታ አለው።

ወሬ ግን ሁለት ስለት አለው። ኤልዛቤት ሎፍተስና ባልደረባዋ በ1995 ለ24 ሰዎች «በልጅነትህ የገበያ ማዕከል ውስጥ ጠፍተህ ነበር» የሚል የፈጠራ ታሪክ፣ ከቤተሰብ ከተሰሙ እውነተኛ ታሪኮች ጋር ቀላቅለው ሰጧቸው። ከአራቱ አንዱ ያህል ያልሆነውን ነገር «አዎ፣ ትዝ ይለኛል» አሉ። በ2018 ከ6,000 በላይ ሰዎች ስለ መጀመሪያ ትዝታቸው ሲጠየቁ ደግሞ 40 በመቶ ያህሉ 2 ዓመት ወይም ከዚያ በታች ሆነው የሆነ ነገር እንደሚያስታውሱ ተናገሩ። ተመራማሪዎቹ አብዛኛው ከፎቶና ከቤተሰብ ወሬ የተገጣጠመ ሳይሆን አይቀርም ባይ ናቸው። ስለዚህ «እናቴ በሳፋ ስታጥበኝ አስታውሳለሁ» ካላችሁ፣ ያ ሳፋ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ፎቶ ውስጥ አለመኖሩን ብታዩ ጥሩ ነው።

ሩቅ አገር ላሉ እናቶችና አባቶች የሚሆን አንድ ጥናት አለ። በ2017 የታተመ ነው። ከ1 እስከ 2 ዓመት የሆኑ 60 ልጆች ለአንድ ሳምንት አንድ የማያውቁትን ሰው በስክሪን አዩ፤ ግማሾቹ በቀጥታ የቪዲዮ ጥሪ፣ ግማሾቹ ቀድሞ በተቀረጸ ቪዲዮ። በኋላ ሰውየውን በአካል ሲያገኙት ያወቁትና የቀረቡት በቀጥታ ያወሩት ልጆች ናቸው። ልዩነቱ የምስሉ ጥራት አይደለም፤ ልጁ ሲስቅ ማዶ ያለው ሰው መልሶ መሳቁ ነው። ለዚያች እናት ይህን ስነግራት በዚያን ጊዜ በሳምንት አንዴ፣ ካርድ እስኪያልቅ፣ የምታወራው ከአያትየው ጋር ብቻ እንደነበር ነገረችኝ።

እናንተ ደግሞ ጨለማው ውስጥ ምን እንደነበረ ማወቅ ከፈለጋችሁ የነበሩትን ሰዎች ጠይቁ። የስልካችሁን መቅረጫ ክፈቱና «ማን ነበር የሚያዝለኝ? ስታመም የት ወሰዳችሁኝ? ለመተኛት ምን ያስፈልገኝ ነበር?» በሉ። ሎፍተስን ግን አትርሱ፤ አንዱን ጥያቄ ለሁለት ሰው፣ ለየብቻ፣ አንዱ የሌላውን ሳይሰማ።