ቤን-ሁርና ሳሎናችን ውስጥ የተሳቀው ሳቅ

ከመካከላችሁ «ቤን-ሁር» የተባለውን ፊልም ያላየ ብዙ ሰው ያለ አይመስለኝም። የትንሣኤ ሰሞን በየአማኙ ቤት የሚከፈት ፊልም ነው። ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሚፈጅ ሕፃናቱ መሐል ላይ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል፤ የሠረገላው ውድድር ሲደርስ ይቀሰቀሳሉ። ባለፈው የትንሣኤ ማግስት የአጥቢያችን ወጣቶች እኛ ቤት ተሰብስበው ሲያዩት ግን፣ ገና ከመጀመሪያው አንድ ነገር ሆነ።

ሮማዊው መሳላ የጦር አዛዥ ሆኖ ወደ ኢየሩሳሌም ተመልሷል። የልጅነት ጓደኛው አይሁዳዊው ይሁዳ ቤን-ሁር ሊጠይቀው ይመጣል። ሁለቱ ከሩቅ ይተያያሉ፤ ተጠጋግተው ይተቃቀፋሉ፤ እንደ ልጅነታቸው ጦር አንሥተው ወደ ጣሪያው ማገር ይወረውራሉ፤ ክንድ ለክንድ ተቆላልፈው ይጠጣሉ። መሳላ ዓይኑን ከይሁዳ ላይ አይነቅልም። ከወጣቶቹ አንዱ «እነዚህ ሰዎች ግን ጓደኛሞች ብቻ ናቸው?» አለ። ሳሎኑ በሳቅ ተናጋ። ሌላው ቀጠለበት፤ ሦስተኛው የባሰ ጨመረበት። ባለቤቴ ጉሮሮውን ጠረገ። እኔ ቡና እየቀዳሁ ነበር፤ አልዋሻችሁም፣ እኔም ፈገግ ብያለሁ። ያልሳቀው አንድ ልጅ ብቻ ነው። ማንም ሳያዘው ተነሥቶ የሻይ ብርጭቆዎቹን ሰበሰበና ወደ ማዕድ ቤት ገባ። ቶሎም አልተመለሰም።

ያ ጥያቄ ለካ ፊልሙን የሠሩትን ሰዎች ራሳቸውን ያጣላ ጥያቄ ኖሯል። ፊልሙ ጄኔራል ሉ ዋላስ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1880 ካሳተመው ልብ ወለድ ተወስዶ በ1959 ተሠራ። ዳይሬክተሩ ዊልያም ዋይለር ነው፤ 11 የኦስካር ሽልማት አግኝቷል። በጸሐፊነት ስሙ የሰፈረው ካርል ተንበርግ ብቻ ቢሆንም በጽሑፉ ላይ ሌሎችም ሠርተውበታል። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ደራሲ ጎር ቪዳል «ዘ ሴሉሎይድ ክሎዜት» በተባለው የ1995 ዘጋቢ ፊልም ላይ ጉዳዩን ተናግሮታል። እንደ ቪዳል አባባል፣ ሁለት ጓደኛሞች በፖለቲካ ስለተጋጩ ብቻ አንዱ ሌላውን ለመርከብ ቀዛፊነት፣ እናቱንና እህቱን ደግሞ ለወህኒ ይሰጣል ቢባል ማን ያምናል? ስለዚህ በወጣትነታቸው ፍቅረኞች እንደነበሩ፣ መሳላ ያንን ለመቀጠል እንደሚመኝ፣ ይሁዳ ግን እንደማይፈልግ አድርገን እናስበው አለ። ዋይለር ተስማማ፤ መሳላን ለሚጫወተው ለስቲቨን ቦይድ ተነገረው፤ ይሁዳን ለሚጫወተው ለቻርልተን ሄስተን ግን ተደበቀ ይላል ቪዳል።

ሄስተን ይህን ሲሰማ ተቆጥቶ ካደ። ዋይለርም እንዲህ ያለ ንግግር እንደማያስታውስ መናገሩ ይጠቀሳል። ቦይድ በ1977፣ ዋይለር በ1981፣ ሄስተን በ2008፣ ቪዳል በ2012 አርፈዋል። የሚጠየቅ ሰው አልቀረም። በዚያ ዘመን የሆሊውድ የሥነ ምግባር ደንብ የተመሳሳይ ፆታ ፍቅርን ማሳየት ስለሚከለክል፣ ሐሳቡ ኖሮ ቢሆን እንኳ ከዓይን አስተያየት በቀር መውጫ አልነበረውም።

ወጣቶቹ ከሄዱ በኋላ ያንን ክፍል ብቻዬን ደግሜ አየሁት። ከሚናገሩት ቃል ምንም ማረጋገጥ አይቻልም። ሄስተን የሚያየው የልጅነት ወንድሙን ነው። የቦይድ ፊት ግን ሌላ ነገር ይናገራል፤ እኔ ቪዳልን አምነዋለሁ። ባለቤቴ አያምነውም። «ወንድ ከወንድ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ ፒያሳን ሲዞር አይደል እንዴ ያደግነው? ዳዊትና ዮናታን ተሳስመው አልተላቀሱም? ፈረንጅ ጓደኝነት ስለጠፋበት ነው» አለኝ። እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከርን። (ባለትዳሮች ሆይ፣ አንዳንዴ ስለ ልጆችና ስለ አስቤዛ ካልሆነ ነገርም ተከራከሩ።)

ቤተ ክርስቲያናችን ስለ ጋብቻ የምታስተምረውን ታውቃላችሁ፤ እኔም የማምነው እርሱኑ ነው። ብዕር ያነሣሁት ስለ ሳቁ ነው። ከዚያ ቀን በፊት በመዘምራን ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈው የሚመጡ ሁለት ልጆች ነበሩ፤ አሁን አንዱ በፊት፣ አንዱ በኋላ ይገባሉ። ቀልዱ ፊልም ላይ እንደጀመረ ፊልም ላይ አልቀረም። እህቴ ሆይ፣ ባልሽ ሲከፋው የሚደውልለት አንድ ወንድ ጓደኛ ካለው ትልቅ ሀብት ነው። ስንቱ ወንድ በሚስቱ ላይ ብቻ ተደግፎ፣ እርስዋ ስትደክም የሚሄድበት እንደሚያጣ የመጋቢ ሚስት ሆኜ አይቻለሁ።

ደግሞም ማዕድ ቤት የገባው ልጅ አለ። ለምን እንደገባ አላውቅም። ብርጭቆ ማጠብ የሚወድ ልጅ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በየጉባኤያችን ለማንም ያልተናገረውን ነገር ብቻውን ይዞ የሚቀመጥ ወጣት እንዳለ እኔም እናንተም እናውቃለን። እንዲህ ያለው ልጅ ወደ መጋቢው ቢሮ ለመምጣት ከመወሰኑ በፊት የመጋቢው ሳሎን ውስጥ ምን እንደሚያስቅ ያያል።

ፊልሙ ራሱ በመሳላ አይስቅም። ይሁዳ በሠረገላው ውድድር አሸንፎት፣ ሰውነቱ ተሰባብሮ ከወደቀም በኋላ ጥላቻው አይለቀውም። የምትወደው አስቴር መሳላን ወደ መሆን እንደተለወጠ በግልጽ ትነግረዋለች። ያ ጥላቻ ከእጁ የሚወድቀው ጎልጎታ ደርሶ፣ የተሰቀለው ስለ ሰቃዮቹ ሲማልድ ሲሰማ ነው። በሁለቱ መካከል የነበረው ምንም ዓይነት ፍቅር ይሁን፣ ያንን ያህል ያቆሰላቸው ቀድሞ መዋደዳቸው ነው። ዳዊትም በመዝሙሩ የሚያለቅሰው የሰደበው ጠላት ስለሆነ ሳይሆን፣ አብሮት ወደ እግዚአብሔር ቤት ይሄድ የነበረው ወዳጁ ስለሆነ ነው።

በሳምንቱ ወጣቶቹ ሲመጡ ስለዚያ ቀን ሳቅ፣ ስለ ራሴም ፈገግታ፣ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። አንዳንዶቹ የምን ይቅርታ እንደሆነ እንኳ አልገባቸውም። ፕሮግራሙ አልቆ ወንበር ስንሰበስብ ያ ልጅ ቀረና አብሮኝ ያነሣ ጀመር።

«እትዬ፣» አለኝ፣ «መሳላ ሊሞት ሲል እግሬ አይቆረጥ ብሎ ይሁዳ እስኪመጣ የጠበቀው ለምንድን ነው? ሙሉ ሆኖ እንዲያየው ፈልጎ ይመስልዎታል?»

ማዕድ ቤት የነበረ መስሎኝ፣ እስከ መጨረሻው አይተኸዋል እንዴ አልኩት።

«ከበሩ ላይ ሆኜ» አለ።

ወንበሮቹን ትተን ሻይ ጣድኩ። ባለቤቴም መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ፤ እጁን ትከሻው ላይ ጣል አደረገ። ያወራነውን እዚህ አልጽፈውም።