ጅብራ፦ ባሕር የሌለው ደሴት ተክል

ማዳጋስካርን የመሰሉ ሞቃት ደሴቶች ሌላ ምድር ላይ በማይገኙ ኦርኪዶቻቸው ይታወቃሉ። ዘራቸውን ለብቻው ያቆየው ዙሪያቸውን የከበበው ባሕር ነው። ከጫጫ ተነስቶ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ጣርማበርና ወደ መንዝ የሚወጣ መንገደኛም ሳያውቀው ወደ ደሴት እየሄደ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ያለውን ውርጫማ አገር የሚከበው ሞቃቱ ቆላ ነው፤ ብርድ የለመደ ተክል ያንን ቆላ ተሻግሮ ሌላ ተራራ ላይ መድረስ ይቸግረዋል።

ጅብራ የዚህ አገር ልጅ ነው። በሰሜን ተራሮች፣ በባሌ ሳነቴ፣ በመንዝ ጓሳ ይታያል፤ ከኢትዮጵያ ውጭ ግን አይበቅልም። በደጋ ጫካ ውስጥ የሚያድገው ሌላኛው የጅብራ ዓይነት እስከ ማላዊ ድረስ አለ፤ ዝቅ ብሎ መኖር ስለሚችል መንገድ አላጣም። ጫጫ ብርድ ያንሳታል የሚል ሰው አይገኝም፤ ለከፍታው ጅብራ ግን እሷም ዝቅ ያለች ናት።

ከሩቅ ለሚያየው ዛፍ ይመስላል። ነገር ግን ቅርንጫፍ የለውም፤ በአንድ ቀጥ ያለ ግንድ አናት ላይ ረጃጅም ቅጠሎች ተደርድረው ይቀመጣሉ። ቀን ጠራራ ፀሐይ፣ ሌሊት ውርጭ በሚፈራረቁበት ቦታ፣ እነዚህ ቅጠሎች መሃል ላይ ያለውን ለጋ እምቡጥ ከልለው ይይዙታል። ለብዙ ዓመታት ቅጠል ብቻ ሲያበቅል ይኖርና አንድ ቀን ከአናቱ ረጅም የአበባ ዘንግ ያወጣል። ያኔ ቁመቱ እስከ 10 ሜትር ሊደርስ ይችላል። የአበባ ማር የሚቀስሙ ወፎች ይጎበኙታል፤ እንደ ብናኝ የደቀቀ ዘሩን ይበትንና ይሞታል። ሁለተኛ አበባ የለውም። ከብት ወይም ምሳር ያላበበውን ቀድሞ ካገኘው ያ ሁሉ ዓመት ያለ ዘር ይቀራል ማለት ነው፤ የመንዝ ሕዝብ ጓሳን በራሱ ሥርዓት ሲጠብቅ መኖሩ ለጅብራም የጠቀመው ለዚህ ይመስለኛል።

ሙቀት ግን በሥርዓት አይከለከልም። ደሳለኝ ጫላና ባልደረቦቹ በ2016 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት እንደሚተነብየው፣ በ2080 እ.ኤ.አ. ለጅብራ የሚመች ሆኖ የሚቀረው አሁን ካለው መኖሪያ 3.4 በመቶው ብቻ ነው። ቆላው ወደ ላይ ሲገፋ ደሴቱ ከግርጌው ይጠባል። ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር ስለሚበልጥ እዚያ ያለው ጅብራ ወደ ላይ የሚሸሽበት ቦታ አለው። ጓሳ ላይ ያለው ግን 3,700 ሜትር ገደማ ሲደርስ ተራራው ያልቅበታል።