ትኩሳት በፎገራ ሜዳ፦ የአእምሮ መድኃኒትና የወባ መድኃኒት ሲገናኙ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደውን መንገድ ይዞ 55 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ወረታ ይደርሳል። መንገዱ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚገነጠለው ከዚህ ነው። ከከተማዋ እስከ ጣና ሐይቅ ዳርቻ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ በየክረምቱ ከጉማራና ከርብ ወንዞች በሚወጣው ውኃ ይጥለቀለቃል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ጎርፍ ብዙ ቤተሰቦችን ከቀያቸው አፈናቅሎ ነበር። ይኸው ውኃ ግን ሜዳውን የሩዝ አገር አድርጎታል። ዝናቡ አባርቶ ሩዙ ወደ አጨዳ ሲቃረብ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ፣ በየኩሬው የተራባችው የወባ ትንኝም ሥራዋን ትጀምራለች።

በዚህ ወቅት በሜዳው የሚኖር አንድ የ22 ዓመት ወጣት እንዳለ እናስብ። ከዓመት በፊት ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ እየሰማ፣ ጎረቤቶቹ ሊመርዙት እንደተነሡ እያመነ ሲሠቃይ፣ ቤተሰቡ ወደ ሆስፒታል ወሰዱት፤ ሕመሙ ስኪዞፍሬኒያ እንደሆነ ተነገራቸው። ሃሎፔሪዶል የተባለውን መድኃኒት እየወሰደ ተሻለው፤ ወደ እርሻውም ተመለሰ። ዛሬ ግን ትኩሳት ይዞታል። በፎገራ ትኩሳት ሲነሣ ሁሉም ሰው «ወባ ነው» ይላል፤ ግምቱም ያለ ምክንያት አይደለም። ይሁን እንጂ የዚህ ወጣት ትኩሳት ቢያንስ ሦስት ትርጉም ሊኖረው ይችላል፤ አንዱን ከሌላው አለመለየትም ሕይወት ያሳጣል። ሦስቱን ለመለየት ግን አስቀድሞ መድኃኒቱ ምን እንደሆነና በሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

ከአንድ ቀለም የተወለዱ

የሚገርመው ነገር የአእምሮ መድኃኒትና የወባ መድኃኒት የጋራ ቅድመ አያት ያላቸው መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1876 በጀርመን አገር ለጨርቅ ማቅለሚያ ሜቲሊን ብሉ የተባለ ሰማያዊ ቀለም ተሠራ። ፓውል ኤርሊኽ ይህ ቀለም በማይክሮስኮፕ ሥር የወባን ጥገኛ ተሕዋስ ለይቶ እንደሚያቀልም አስተዋለ። «የሚያቀልመው ከሆነ ሊገድለውም ይችላል» ከሚል ሐሳብ በመነሣት እ.ኤ.አ. በ1891 ከጉትማን ጋር ሆኖ የወባ ሕመምተኞችን በቀለሙ አከመ። ሰው ሠራሽ የሆነ ኬሚካል ለወባ ሲሰጥ ይህ የመጀመሪያው ነበር። የቀለሙ እምብርት የሆነው ፊኖቲያዚን የሚባለው የሞለኪውል አጥንት ደግሞ በኬሚስቶች እጅ ሲገለባበጥ ቆይቶ፣ በፈረንሳይ ሮን-ፑለንክ ኩባንያ በመጀመሪያ የአለርጂ መድኃኒቶችን አስገኘ፤ በታኅሣሥ 1950 እ.ኤ.አ. ደግሞ ክሎርፕሮማዚንን ወለደ። ላቦሪ የተባለ ሐኪም ለቀዶ ሕክምና በሚዘጋጁ ሰዎች ላይ ሲሞክረው ሰዎቹ ሳያንቀላፉ ጭንቀታቸው ሲርቅ አየ። እ.ኤ.አ. በ1952 ዴሌና ዴኒኬር በፓሪስ የሳንታን ሆስፒታል ለአእምሮ ሕመምተኞች ሰጡት። ለሳይኮሲስ የሚሆን መድኃኒት ከዚያ ወዲህ ተጀመረ። ሃሎፔሪዶል በቤልጂግ አገር በፓውል ያንሰን ቤተ ሙከራ የተገኘው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው።

መድኃኒቶቹ ለምን እንደሚሠሩ የታወቀው ከተገኙ በኋላ ነው። ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሶን እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው ሥራ መድኃኒቶቹ ዶፓሚን የተባለው የአንጎል መልእክተኛ የሚያርፍባቸውን ተቀባዮች እንደሚዘጉ ጠቆመ፤ በዶፓሚን ላይ ባደረገው ምርምር እ.ኤ.አ. በ2000 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። በኋላ አንጎልን በሚያሳዩ መሣሪያዎች እንደተለካው፣ መድኃኒቱ ከእነዚህ ተቀባዮች 65 በመቶ ያህሉን ሲይዝ ድምፁና ጥርጣሬው ይቀንሳል፤ ወደ 80 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ግን ሰውነት መንቀጥቀጥና መድረቅ ይጀምራል። አንባቢ ይህን ቁጥር ልብ እንዲልልን እንፈልጋለን። በሽታው በሚመለስበትና ጉዳት በሚመጣበት መጠን መካከል ያለው ሜዳ ጠባብ ነው፤ ሌላ መድኃኒት ሲጨመር ሕመምተኛው ከአንዱ ወይም ከሌላው ወገን ሊወድቅ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

መጠኑ ሲበዛ፣ በተለይም በወጣት ወንዶች ላይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ አንገት ወደ ጎን ሊጠመዘዝ፣ ዓይን ወደ ላይ ሊሰቀል፣ ምላስ ሊያብጥ የመሰለ ሊሆን ይችላል። ቤተሰብ ይህን ሲያይ የርኩስ መንፈስ ሥራ ቢመስለው አይፈረድበትም፤ እኔም ሳላውቀው ባየው እንደዚያው አስብ ነበር። ይህ ሁኔታ ግን ተገቢ መድኃኒት በመርፌ ሲሰጥ በደቂቃዎች ውስጥ የሚለቅ የጡንቻ መኮማተር ነው። ይህን አስቀድሞ የነገራቸው ሰው በመጥፋቱ መድኃኒቱን ጥለው የቀሩ ሕመምተኞች ጥቂት እንደማይሆኑ እገምታለሁ።

በቡታጅራ የታየው

ስለ ኢትዮጵያውያን የስኪዞፍሬኒያ ሕመምተኞች ብዙውን የምናውቀው በቡታጅራ አካባቢ ከተካሄደው ረጅም ጥናት ነው። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ 68,378 ሰዎች ተመርምረው፣ ተለይተው ክትትል ከተደረገላቸው የስኪዞፍሬኒያ ሕመምተኞች ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ከዚያ በፊት ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው 919 ሰዎች ለአሥር ዓመታት ከተከታተሏቸው በኋላ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ውጤት የባሰ ነው። ከመካከላቸው 121 ሞተዋል፤ የሞቱትም ሊኖሩ ይገባቸው ከነበረው ዕድሜ ሦስት ዐሥርት ዓመታት ያህል ቀድመው ነው። ብዙዎቻችን የምንገምተው የሞታቸው ምክንያት ራስን ማጥፋት ወይም አደጋ እንደሚሆን ነው፤ እነዚህም አልጠፉም። ግማሽ ያህሉን የገደለው ግን ተላላፊ በሽታ ነው።

ስለዚህ የአእምሮ ሕመምተኛ በወባ ወይም በሳንባ ነቀርሳ መያዙ ከስንት አንዴ የሚያጋጥም ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መረጃ ከጥር መጀመሪያ እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ድረስ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመምተኞች ተመዝግበዋል። ከእነዚህ መካከል ሃሎፔሪዶል ወይም ክሎርፕሮማዚን እየወሰዱ የነበሩ እንደሚኖሩ አያጠራጥርም።

ሁለት መድኃኒት በአንድ ጉበት

አብዛኞቹን መድኃኒቶች ፈጭቶ የሚያስወግደው ጉበት ነው፤ መፍጫዎቹም ኢንዛይሞች ናቸው። ከእነርሱ አንዱ ሲ.ዋይ.ፒ. 2ዲ6 ይባላል። ሃሎፔሪዶል፣ ክሎርፕሮማዚንና ሪስፔሪዶን በከፊል ወይም በአብዛኛው በእርሱ እጅ ያልፋሉ። ይህ ኢንዛይም ለእኛ አገር ሰዎች የተለየ ታሪክ አለው። እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1996 እንዳሳተሙት፣ ካጠኗቸው ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ የሚሆኑት የዚህን ኢንዛይም ጂን ተደግሞ ወይም ተደጋግሞ ይዘውታል፤ በስዊድናውያን ዘንድ ይህ የሚገኘው ከመቶ በአንድ ወይም በሁለት ሰው ብቻ ነው። ጂኑ የተደገመለት ሰው መድኃኒቱን በፍጥነት ስለሚፈጭ ለሌላው የሚበቃው መጠን ለእርሱ ላይበቃ ይችላል። «ይህ ልጅ ኪኒኑን አይውጥም፤ ይጥለዋል» ተብሎ የሚታማ ሕመምተኛ ምናልባት እየዋጠ ጉበቱ ቀድሞት ይሆናል።

የወባ መድኃኒቶች በዚሁ ኢንዛይም ላይ ተቃራኒ ሥራ ይሠራሉ። ለቫይቫክስ ወባ የሚሰጠው ክሎሮኩዊን ኢንዛይሙን ያዳክማል፤ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ለፋልሲፓረም ወባ ሲሰጥ የቆየው ኮአርተም በውስጡ ያለው ሉሜፋንትሪንም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ1988 የታተመ የናይጄሪያ ጥናት ክሎርፕሮማዚን ለሚወስዱ የስኪዞፍሬኒያ ሕመምተኞች ክሎሮኩዊን ሲሰጣቸው በደማቸው ውስጥ ያለው የክሎርፕሮማዚን መጠን እንደጨመረ አሳይቷል። ያ ወጣት ለወባው በታከመበት ሳምንት እንቅልፉ ቢበዛ፣ ሰውነቱ ቢደርቅ ወይም ብድግ ሲል ዓይኑ ቢጨልም ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል በጉበት የተደበቀውን ቫይቫክስ የሚያጠፋው ፕሪማኩዊን ወደሚሠራው መልኩ የሚለወጠው በዚሁ ኢንዛይም ነው፤ ሃሎፔሪዶል ደግሞ ኢንዛይሙን በመጠኑ ይገታል። ወባው በተደጋጋሚ የሚመለስበት ሕመምተኛ ሲያጋጥም ይህን ማስታወስ አይከፋም።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳስበው የልብ ጉዳይ ነው። ልብ ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ኤሌክትሪኳን መልሳ የምታደራጅበት አጭር ጊዜ አለ። የሳይኮሲስ መድኃኒቶች ይህን ጊዜ ያስረዝማሉ፤ ክሎሮኩዊንና ኩዊኒንም እንዲሁ። ሁለቱ ሲደመሩ፣ በተለይም ሰውየው በትውከትና በተቅማጥ ፖታሲየም ጎድሎት ከሆነ፣ የልብ ምት ተዘበራርቆ ድንገት ሊወድቅ ይችላል። ቀድሞ በሰፊው ይታዘዝ የነበረው ቲዮሪዳዚን በዚሁ ጠንቅ የተነሣ እ.ኤ.አ. በ2005 በአምራቹ ከዓለም ገበያ እንዲወጣ ተደርጓል። ነገር ግን አንባቢ እንዳይሳሳት፦ ወባ ሳይታከም መተው ከዚህ ሁሉ የከፋ ነው። ሐኪሙ ሁለቱን ማወቁ የሚያስፈልገው መድኃኒቱን መርጦ፣ መጠኑን አይቶ፣ የሚቻል ከሆነም ልቡን በኢ.ሲ.ጂ. መርምሮ እንዲያክመው ነው።

የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን ግን ነገሩን ይገለብጠዋል። መፍጫ ኢንዛይሞችን ስለሚያበዛ በደም ውስጥ ያለው ሃሎፔሪዶል በሳምንታት ውስጥ ከግማሽ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ፌኖባርቢታልና ካርባማዜፒንም በዚህ ይመስሉታል። የቲቢ ሕክምናውን በትጋት የጀመረ ሕመምተኛ በሁለተኛው ወር ድምፅ መስማት ቢጀምር የሚወቀሰው እርሱ መሆን የለበትም። በዚህ ምክንያት የሃሎፔሪዶሉ መጠን ተጨምሮለት ከሆነም ሪፋምፒሲኑ ሲያበቃ መልሶ መቀነስ ይገባል፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ትንባሆ ክሎዛፒንንና ኦላንዛፒንን ያሳንሳል፤ ጫት ደግሞ መድኃኒቱ የሚገታውን ዶፓሚን ስለሚያፈስ ሥራውን በቀጥታ ይቃወማል። አረቄ እንቅልፉን ያከብደዋል።

ትኩሳት ሁሉ ወባ አይደለም

አሁን ወደ ወጣቱ እንመለስ። የመጀመሪያው ትርጉም ወባ ነው፤ የሚለየውም በደም ምርመራ እንጂ በግምት አይደለም። ወባ ወደ አንጎል ሲደርስ ራሱ መቀባዠርን ያመጣል። ስለዚህ «ሕመሙ ተነሣበት» ብሎ የአእምሮ መድኃኒቱን መጨመር ወይም ሕመምተኛውን አስሮ ማስቀመጥ የሰዓታት ጉዳይ የሆነውን ሕክምና ያዘገያል።

ሁለተኛው ከመድኃኒቱ የሚመጣ ብርቱ መመረዝ ነው። ከስንት አንዴ ያጋጥማል፤ ሲያጋጥም ግን ይገድላል። ትኩሳቱ ከፍ ይላል፣ ላብ ይጎርፋል፣ የልብ ምትና የደም ግፊት ይዋዥቃል፣ ሰውየው ይደነዝዛል። ከወባ የሚለየው ዋና ምልክት ግትርነት ነው፤ ክንዱን ለማጠፍ ብትሞክሩ የብረት ቧንቧ የማጠፍ ያህል ይከብዳችኋል። ብዙውን ጊዜ የሚነሣው መድኃኒቱ በተጀመረ ወይም መጠኑ በጨመረ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። በዚህ ጊዜ መድኃኒቱ ወዲያውኑ ቆሞ ሰውየው ሆስፒታል መግባት አለበት። የወባ ምርመራው «አለ» ቢል እንኳ ግትርነቱን መመልከት አይቀርም፤ ሁለቱ አብረው ሊገኙ ይችላሉና።

ሦስተኛው የፀሐይ ሙቀት ነው። እነዚህ መድኃኒቶች አንጎል የሰውነትን ሙቀት የሚቆጣጠርበትን ሥራ ያውካሉ፤ ክሎርፕሮማዚን፣ እንዲሁም ለመንቀጥቀጡ ተጨምሮ የሚሰጠው ትራይሄክሲፌኒዲል፣ ላብን ይቀንሳሉ። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ሩዝ የሚያጭድ ሰው ሳይልበው ሊግል ይችላል። ቆዳው ደረቅና ትኩስ ከሆነ ፈጥኖ ጥላ ሥር ማስገባትና በውኃ ማቀዝቀዝ ይገባል። ክሎርፕሮማዚን ቆዳን ለፀሐይ ቃጠሎ የሚያጋልጥ በመሆኑም ሰፊ ቆብና እጅጌ ያለው ልብስ ይረዳል። በደራ ወረዳ ከጉማራ ወንዝ አጠገብ ወዳለው ወደ ዋንዛዬ ፍል ውኃ ለሚሄዱም ይኸው ይነገራል። መድኃኒቱ የደም ግፊትን ስለሚያወርድ ከሙቅ ውኃ ድንገት ብድግ ያለ ሰው ራሱን ስቶ ሊወድቅ ይችላል። ጠበል መጠመቅና መድኃኒት መውሰድ አብረው የሚሄዱ ናቸው፤ ጉዳት የሚመጣው ለጠበሉ ተብሎ መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥ ነው።

ክሎዛፒን ለሚወስዱ አራተኛ ትርጉም አለ። ይህ መድኃኒት ሌሎቹ ያልረዷቸውን ሕመምተኞች ይረዳል፤ ነገር ግን በጥቂቶች ላይ ነጭ የደም ሴሎችን ያመነምናል። እ.ኤ.አ. በ1975 በፊንላንድ በዚህ ምክንያት ሰዎች ከሞቱ በኋላ የደም ቆጠራ ግዴታ ሆኗል። ለእነርሱ የጉሮሮ ሕመም ያለበት ትኩሳት በዕለቱ ደም የሚያስቆጥር ነው።

ረሃቡ

በቡታጅራ አካባቢ ሕመምተኞች መድኃኒት ለምን እንደሚያቋርጡ የጠየቀ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ያገኘው አንድ መልስ ከማንኛውም የመማሪያ መጽሐፍ በላይ አስተምሮኛል። ሰዎቹ መድኃኒቱ የምግብ ፍላጎታቸውን እንደሚከፍት፣ ለዚያ የሚበቃ ምግብ ግን ቤታቸው እንደሌለ ተናገሩ። በሀብታም አገር ይህ የውፍረትና የስኳር ሕመም ጉዳይ ተደርጎ ይጻፋል። ነሐሴ ላይ ጎተራው ባዶ ለሆነበት ገበሬ ግን ኪኒኑ ረሃብን የሚያባብስ ነገር ነው። መድኃኒቱ ነጻ ቢሆንም እንኳ የሚበላው ነገር ዋጋ አለው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተከሰተው ግጭት መንገድ በተዘጋባቸው ቀናት ደግሞ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ደብረ ታቦር ለቀጠሮ መድረስም ራሱ ከባድ ነበር። በድንገት የተቋረጠ መድኃኒት ሕመሙን ብዙ ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይመልሰዋል።

በወር አንድ ጊዜ በመርፌ የሚሰጠው ፍሉፌናዚን፣ በተለምዶ ሞዲኬት የሚባለው፣ ለሩቅ ገጠር የተመቸ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን የራሱ ወጥመድ አለው። ትኩሳት የያዘው ሰው ጤና ጣቢያ ሲደርስ ነርሷ «የሚወስደው መድኃኒት አለ?» ብላ ትጠይቃለች። እናቱም «የለም፤ ቤት ውስጥ አንድ ኪኒን እንኳ የለም» ትላለች። እውነቷን ነው። መርፌው ግን ከሦስት ሳምንት በፊት ከጡንቻው ውስጥ ተቀምጦ ዛሬም በዝግታ ወደ ደሙ እየፈሰሰ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «በዚህ ዓመት ውስጥ መርፌ ተወግቶ ያውቃል? መቼ?» ተብሎ ቢቀጥል ይሻላል፤ ቀኑና የመድኃኒቱ ስም የተጻፈበት ካርድም ከወጣቱ ኪስ ባይለይ።